መሪው ይስባል፣ ፍሬኑ ወደ ጎን ይወስዳል፦ አሮጌ ኮሮላ ላይ ከአላይመንት በፊት የሚሠራው ሥራ

መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲስብ አብዛኛው ሰው በቀጥታ የሚሄደው አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ቤት ነው። ይከፍላል፣ ለጥቂት ቀናት ደህና ይነዳል፣ ከዚያ ያው ይሆናል። ቀጥሎ የፍሬን ሸራ ይቀይራል፤ እሱንም ባመዛኙ ደህናውን ወገን አስከፍቶ ነው። ስህተቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ቴስቲኒው (የመሪውን ዘንግ ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ባለኳስ መገጣጠሚያ) የላላ መኪና ማሽኑ ላይ የሚያሳየው ቁጥር የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ እዚህ አላይመንት ያለው ስምንተኛው ደረጃ ላይ ነው። ከፊቱ ያሉትን ሰባቱን ሳትጨርሱ ወደዚያ አትሂዱ።

መመሪያው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለተሠሩ፣ ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር ላላቸው ኮሮላዎች ነው። ዲኤክስ (ቀደም ያለው፣ በኋላ ጎማ የሚነዳው ኮሮላ) የሚለይበትን ቦታው ላይ እናገራለሁ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ያለው መኪና ሆኖ መብራቱ በርቶ ከቀረ፣ መጀመሪያ እሱን በኮምፒውተር አስነብቡ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ቦታ። ሜዳ የሆነ ሲሚንቶ ወይም ጠንካራ አስፋልት ፈልጉ። ቸርችል ጎዳናን የመሰለ ቁልቁለት ላይ ክሪክ አይገባም። መንገድ ዳርም አይሆንም፤ በአዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች ላይ ጎማ አውልቆ የተቀመጠ ሰው ቀኑን የሚጨርሰው ከደንብ አስከባሪ ጋር ነው። ግቢያችሁ ኮብልስቶን ከሆነ ከክሪኩ ሥር ወፍራም ጣውላ አንጥፉ።

መሣሪያ። ክሪክ፣ ሁለት የብረት መደገፊያ፣ ታኮ፣ ለቸርኬው ዳዶ 21 ቁልፍ፣ ከ8 እስከ 19 ያሉ ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መዶሻ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሽቦ፣ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ፣ ለፍሬን የተሠራ ግሪስ፣ ትንሽ ነጭ ቀለም፣ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት። አንድ ረዳትም ያስፈልጋችኋል፤ ብቻችሁን ከሦስተኛው ደረጃ አታልፉም።

ሦስት ነገር አታድርጉ።

- በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር አትግቡ። ብሎኬትም መደገፊያ አይደለም፤ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል።
- የታምቡር አቧራ በኮምፕሬሰር አታስነፉ። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በውኃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ጣሉት።
- የፍሬን ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደውን ላስቲክ) በቤንዚን ወይም በናፍታ አትጠቡ። ያብጣል፣ ከዚያ ፍሬኑ ይይዝና አይለቅም። የሚታጠበው በንጹሕ የፍሬን ዘይት ነው።

## ደረጃ 1፦ የሚስበው መቼ እንደሆነ ለዩ

1. ጎማው ሳይሞቅ አየሩን ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር የሹፌሩ በር ጠርዝ ላይ ተለጥፏል፤ ለኮሮላ በ30 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት።
2. እሑድ በማለዳ ሜዳ መንገድ ምረጡ። ‹መንገድ ለሰው› በሚውልባቸው እሑዶች ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ስለሚዘጉ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።
3. በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪውን ሳትለቁ፣ ሳትጨብጡም፣ በጣት ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። መንገድ የዝናቡ ውኃ እንዲወርድ ተብሎ ወደ ዳር ተዳፍቶ ስለሚሠራ ማንኛውም መኪና ትንሽ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ስለዚህ በመሐለኛው መስመርም ደግማችሁ ሞክሩ።
4. ከኋላችሁ ማንም እንደሌለ አይታችሁ ከ40 ወደ 20 በቀስታ ፍሬን ያዙ። ቀጥሎ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ።
5. ያያችሁትን ወዲያው ጻፉ።

የጻፋችሁትን እንዲህ አንብቡት።

ፍሬን ሳይያዝ ሁልጊዜ የሚስብ፦ ጎማ፣ የማይለቅ ፍሬን፣ ወይም የተጣመመ አካል። የማይለቅ ፍሬን ከሆነ መኪናው የሚስበው ወደ ራሱ ወደ ታመመው ወገን ነው።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚስብ፦ የፊት ፍሬን ወይም የሎወር አርም ቡሽ (ጎማውን ከሥር የያዘው ክንድ የሚታሰርበት ላስቲክ)። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። መኪናው የሚሄደው በደንብ ወደሚይዘው ጎማ ነው። ፍሬን ስትይዙ ወደ ግራ ከወሰደ የግራው ሥራውን እየሠራ ነው፤ መጀመሪያ መከፈት ያለበት የቀኙ ነው።

ወዲያና ወዲህ የሚዋልል፣ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር አቅጣጫ የሚቀይር፦ የላላ ነገር አለ።

ሲነሣ ደህና ሆኖ ከተነዳ በኋላ መሳብ የሚጀምር፦ እየጋለ የሚይዝ ፍሬን።

መሪው የሚንቀጠቀጥ፦ በፍጥነት ብቻ ከሆነ የጎማ ባላንስ፣ ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ ዲስኩ።

የፍሬን ፔዳል መጠንከር ከዚህ ጋር አይደባለቅ። የፍሬን ማገዣው የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ ፔዳል ትንሽ ጠንከር ማለቱ ያለ ነው፤ መኪናንም ወደ ጎን አይወስድም።

## ደረጃ 2፦ ጎማ

የፊት ግራውንና የፊት ቀኙን አቀያይሩ፣ ከዚያ ያንኑ መንገድ ድገሙ። ስበቱ ወደ ሌላኛው ወገን ከዞረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ፍሬን አትክፈቱ። ካልተለወጠ ጎማው ነጻ ነው። የመሽከርከሪያ ቀስት ያለበት ጎማ ግን በዚህ መንገድ አይቀያየርም፤ እሱን ከኋላው ጋር በየወገኑ ቀይሩ።

ከፊት አንዱ አዲስ አንዱ ሊሾ የሆነ ጥንድ ካለ እስኪስተካከል ድረስ ሌላውን ደረጃ መሞከር ትርጉም የለውም። ዳዶውን ስትመልሱ በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቃችሁ በ103 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። ጎሚስታ ቤት ጠመንጃ በሚመስለው የአየር መፍቻ እንዳሻው ከጠበቀ ዲስኩ ሊጣመም ይችላል፤ መጨረሻውን በእጅ እንዲያደርጉት ጠይቁ።

## ደረጃ 3፦ የላላ መሪ

መኪናው መሬት ላይ ይቁም፣ ጎማው ቀጥ ይበል። ሃይድሮሊክ መሪ ከሆነ ሞተሩ ይነሣ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ታኮ ይግባ። መሪውን ቀስ ብላችሁ ወዲህ ወዲያ አድርጉ። ጎማው ሳይነቃነቅ የመሪው ጠርዝ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ከሄደ ላልቷል።

የላላውን ለማግኘት ሞተሩን አጥፉ። ረዳታችሁ መሪውን በአጭሩ ቶሎ ቶሎ ያወዛውዝ። እናንተ ከጎን ተኝታችሁ መዳፋችሁን በየተራ እያንዳንዱ ቴስቲኒ ላይ አድርጉ። ያለቀ ቴስቲኒ በዓይን ሳይታይ በፊት መዳፍ ላይ ያንኳኳል፤ ደህናው ግን ሁለቱ ብረቶች እንደ አንድ ሆነው ሲሄዱ ይሰማችኋል።

ከዚያ መኪናውን አንሥታችሁ በመደገፊያ አስቀምጡ፦

- ጎማውን ግራና ቀኙን ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከተነቃነቀ ቴስቲኒ ወይም የመሪው ራክ (ቴስቲኒዎቹን ወዲህ ወዲያ የሚገፋው ባለጥርስ ዘንግ) ነው።
- ላይና ታቹን ይዛችሁ ነቅንቁ፤ ከተነቃነቀ ረዳታችሁ ፍሬን ይርገጥና ድገሙት። ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት (ሎወር አርሙ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ)።
- የሎወር አርሙን የኋላ ቡሽ በረጅም ካቻቢቴ ወይም በፌሮ ፈንቅሉት። የቡሹ ላስቲክ ተሰንጥቆ አርሙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ፣ ፍሬን ስትይዙ ጎማው ወደ ኋላ እየሸሸ መሪውን ይጎትታል ማለት ነው። ይህ የፍሬን ችግር መስሎ ብዙ ሸራ ያስቀይራል።

### ቴስቲኒ መቀየር

1. ቴስቲኒውን ከዘንጉ ጋር የሚያስረውን ዳዶ በግማሽ ዙር ብቻ አላሉ። ጥርሱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉ።
2. ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካውን ሽቦ) አውጡ። የራሱን ዳዶ ፍቱት፣ ግን ጫፉ ላይ በጥቂት ጥርስ ይቆይ።
3. ጥርሱን አትምቱ። መዶሻው የሚያርፈው ቴስቲኒው የገባበት የብረት ክንድ ጎን ላይ ነው። ሁለት ሦስት ጠንካራ ምት ይበቃዋል።
4. የቀድሞውን ስትፈቱ ዙሩን ቁጠሩ፤ አዲሱን በዚያው ዙር አስገቡ። የሁለቱ ቴስቲኒዎች ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል ከመሐል ኳሱ እስከ ማሰሪያው ዳዶ ያለውንም በሜትር ለኩ።
5. የራሱን ዳዶ በ49 ኒውተን ሜትር አጥብቁ። የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ትንሽ ጨምራችሁ አጥብቁ፤ ለማግጠም ብላችሁ አታላሉ። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን።

ዳዶው ከኳሱ ጋር አብሮ ከዞረ፦ ከሥር በክሪክ ቴስቲኒውን ወደ ላይ ጫን አድርጉት፤ ሾጣጣው ሲጨናነቅ መዞሩን ያቆማል።

## ደረጃ 4፦ የሚግለውን ጎማ ፈልጉ

ፍሬን ሳታበዙ ሩብ ሰዓት ያህል ንዱ፤ ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት ደርሶ መመለስ ይበቃል። ሜዳ ላይ ቁሙና የእጃችሁን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ። ዲስኩን አትንኩ። ግራን ከቀኝ አወዳድሩ እንጂ ፊትን ከኋላ አታወዳድሩ፤ የፊቱ ሁልጊዜ ይበልጥ ይግላል።

አንዱ ለይቶ ከጋለ ወደ ሥራ ቦታችሁ መልሱትና ሳይቀዘቅዝ አንሥታችሁ በመደገፊያ አስቀምጡ፤ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ካልዞረ የካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጭነውን ክፍል) አየር ማስወጫ ብሎን በቱቦ ይዛችሁ ጥቂት ክፈቱ።

- ዘይቱ ፊጭ ብሎ ጎማው ወዲያው ከተፈታ፣ ግፊቱ ውስጥ ታግቶ ነበር። ባመዛኙ የላስቲኩ የፍሬን ቱቦ ከውስጥ አብጦ ተዘግቷል። ከውጭ ደህና መምሰሉ አያታልላችሁ፤ ቀይሩት። ሁለቱም የፊት ጎማዎች አብረው የሚያዙ ከሆነ ግን ማስተር ሲሊንደሩን (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን) ጠርጥሩ።
- ዘይቱ ወጥቶም ጎማው ካልተፈታ ካሊፐሩ ራሱ ዝጓል። ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

## ደረጃ 5፦ የፊት ፍሬን

አንዱን ወገን ብቻ ሠርታችሁ አትዝጉ። ፍሬን ጥንድ ነው፤ ለግራው የተደረገው ሁሉ ለቀኙም ይደረጋል።

1. የታችኛውን የካሊፐር ብሎን ፍቱ (ብዙውን ጊዜ 14 ቁልፍ ነው)፣ ካሊፐሩን ወደ ላይ ገልብጡት። ሙሉ በሙሉ ካወጣችሁት በሽቦ ሞላው ላይ እሰሩት፤ በቱቦው አይንጠልጠል።
2. ሸራዎቹን አውጥታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። የውስጡና የውጩ ውፍረት እኩል ካልሆነ ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ፒን ደርቋል። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ሸራ ይቀየር።
3. ሁለቱን ፒኖች አውጡ። የላስቲክ ኮፍያቸው ከተቀደደ ውስጡ ጭቃና ቡናማ ዝገት ታገኛላችሁ። ዝገቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንሱ፣ ቀዳዳውን ጥረጉ፣ የፍሬን ግሪስ በስሱ ቀቡ። ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጣል። ሁለቱ ፒኖች ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ቦታቸውን አታለዋውጡ። ሲመለሱ በአንድ ጣት ገፍታችሁ የሚሄዱ መሆን አለባቸው።
4. ፒስቶኑን ከመግፋታችሁ በፊት አየር ማስወጫውን በቱቦ ክፈቱ። የቆየው ቆሻሻ ዘይት ወደ ላይ ሳይመለስ ይወጣል። ፒስቶኑ ሲገባ ብሎኑን ዝጉ።
5. ፒስቶኑ በእጅ ኃይልና በትንሽ መቆንጠጫ እኩል መግባት አለበት። ጠሞ ከቆመ ወይም ገላው ላይ የዝገት ጉድጓድ ካለ ጎሚኒ መቀየር ብቻ አያድነውም፤ ፒስቶን ወይም ሙሉ ካሊፐር ያስፈልጋል።
6. ሸራው የሚቀመጥበትን ብረት አጽዱ፣ የሸራው ጆሮዎች ላይ ብቻ ግሪስ ንኩ። ብሎኑን በ34 ኒውተን ሜትር አጥብቁ።
7. መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። ፒስቶኑ ወደ ውስጥ ስለገባ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው።

ዘይት ወይም ግሪስ የጠጣ ሸራ አይድንም። በቤንዚን አርከፍክፎ በእሳት ማቃጠል በየጋራዡ የሚደረግ ነገር ነው፤ ለቀናት ይይዛል፣ ሲግል ዘይቱ እንደገና ይወጣል። ጣሉት፣ የጥንዱንም ሌላኛ።

ሶማሌ ተራ ስትወርዱ ያገለገለ ካሊፐር መግዛት ያዋጣል፤ ፒስቶኑ ሲገፋ የሚሄድ መሆኑን እዚያው ፈትሹ። ያገለገለ የፍሬን ቱቦና ያገለገለ ቴስቲኒ ግን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ሸራ ከአንድ ካርቶን የወጣ ይሁን። ለግራ አንድ ዓይነት፣ ለቀኝ ሌላ ዓይነት ከገባ ያባረራችሁት ችግር በገንዘባችሁ ይመለሳል።

## ደረጃ 6፦ የኋላ ታምቡር

የኋላ ፍሬን መዛባት መሪው ላይ እምብዛም አይሰማም። ክረምት ላይ ግን እርጥብ አስፋልት ላይ የመኪናውን ጀርባ ያሸሻል፣ ለቦሎ ምርመራም ይጥላል።

1. የፊት ጎማዎችን በታኮ ያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ፣ የኋላውን አንሥታችሁ በመደገፊያ አስቀምጡ።
2. ታምቡሩ ካልወጣ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ባለጥርስ ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ሜትር ብሎን አስገቡና እያፈራረቃችሁ አጥብቁ፤ ራሱ እየተገፋ ይወጣል። በመዶሻ ጠርዙን አትምቱ፣ ይሰነጠቃል።
3. ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። አንዱን ወገን ሳትጨርሱ ሌላውን አትፈቱ፤ የሞላዎቹ አቀማመጥ ሲጠፋችሁ የምታዩበት ናሙና ያ ነው።
4. ሸራዎቹን የሚገፋውን የትንሹን ሲሊንደር የአቧራ ላስቲክ ገለጥ አድርጉ። ከሥሩ እርጥበት ካለ ይቀየር።
5. የማስተካከያው ባለጥርስ ዘንግ የግራና የቀኝ አለው። ከተለዋወጠ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር በማጥበቅ ፋንታ ያላላል።
6. ታምቡሩን መልሳችሁ ጎማው በቀላሉ እያሻሸ እስኪዞር ድረስ አጥብቁ፣ ከዚያ ማሻሸቱ እስኪጠፋ ጥቂት ጥርስ መልሱ። ሌላውንም ወገን ልክ እንዲሁ።
7. የእጅ ፍሬኑ ከ4 እስከ 8 ጥርስ ባለው ውስጥ መያዝ አለበት። ገመዱን የምታጠብቁት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

## ደረጃ 7፦ አየር ማስወጣት

በሃይላንድ ተቀድቶ የሚሸጥ የፍሬን ዘይት አትግዙ። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይህ እስከ 140 ይወርዳል። ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርዱ ልዩነቱን እግራችሁ ያውቀዋል። ዶት 4ን ከዶት 3 ጋር መቀላቀል ይቻላል፤ ዶት 5ን ግን በፍጹም።

ለፊት ጎማ ነጂ ኮሮላ ቅደም ተከተሉ፦ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ። ለዲኤክስ፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ።

1. ከፔዳሉ ሥር ትንሽ ጣውላ አድርጉ። አሮጌ ማስተር ሲሊንደር መጨረሻው ዝገት ይዞ ስለሚቆይ ፔዳሉ እስከ ወለል ከወረደ ጎሚኒው ይቆረጣል።
2. ቱቦውን አየር ማስወጫው ላይ ሰክታችሁ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት።
3. «ርገጥ!» በሉ፣ ብሎኑን ክፈቱ፣ ዘይቱ ሲያቆም ዝጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ «ልቀቅ!» በሉ። ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየር መልሶ ይገባል።
4. አረፋ እስኪጠፋ ድገሙ። በየመሐሉ የላይኛውን ማጠራቀሚያ ሙሉ፤ ባዶ ከሆነ ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀመራል።
5. ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው በውኃ ይታጠብ።

ብሎኑ እምቢ ካለ፦ አታስገድዱት፣ ይሰበራል። የዝገት ማላቀቂያ ረጩበት፣ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ራሱን መታ መታ አድርጉ፣ ቆይታችሁ ባለስድስት ጎን ዙሪያ ቁልፍ ሞክሩ።

ፔዳሉ አሁንም ዝቅ ካለ፦ እንደ ስፖንጅ የሚል ከሆነ አየር አለ። ሁለተኛው እርግጫ ላይ ከፍ ብሎ የሚጠነክር ከሆነ አየር አይደለም፤ የኋላ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል፣ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ። በእግር ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ፣ የሚያፈስ ቦታም ከሌለ፣ ማስተር ሲሊንደሩ አልቋል፤ ሳይቀየር አትንዱ።

## ደረጃ 8፦ አላይመንት

አሁን ሂዱ። ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ወረቀት ጠይቁ። በእነዚህ ኮሮላዎች ከፊት በቀላሉ የሚስተካከለው የጎማዎቹ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መዞር ብቻ ነው። እሱ ሲበላሽ ጎማ ይበላል፣ መሪውን ጠማማ ያስቀምጣል፤ መኪናን ወደ አንድ ወገን የመሳብ ጉዳዩ ግን ትንሽ ነው። የሚስበው የካምበር (ጎማው ላይኛው ጫፉ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) እና የካስተር (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዘንበሉ) ልዩነት ነው። በግራና በቀኝ መካከል ከግማሽ ዲግሪ በላይ ልዩነት ካያችሁ አንድ ነገር ተጣሟል፦ ሎወር አርም፣ አሞርዛተር፣ ወይም አካሉ ራሱ። «ትንሽ አካክሰነዋል» ቢሏችሁ የትኛው ቁጥር እንደተለወጠ ወረቀቱ ላይ አሳዩኝ በሉ።

## ደረጃ 9፦ ሙከራና የቦሎ ምርመራ

አዲስ ሸራ ወዲያው በደንብ አይይዝም። ከ50 ወደ 10 በመጠነኛ ግፊት አሥር ጊዜ ያህል፣ በየመሐሉ እያስነፈሳችሁ አለማምዱት። ከዚያ የደረጃ 1ን ሙከራ በዚያው መንገድ ድገሙ።

የምርመራ ማሽኑ የእያንዳንዱን ጎማ የመያዝ ኃይል ለብቻው ይለካል። ልዩነቱን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፦ ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ፣ ለትልቁ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ግራው 2.0፣ ቀኙ 1.4 ኪሎ ኒውተን ከሆነ ልዩነቱ 30 በመቶ ነው፤ ያ ብዙ ነው። የወደቀው የፊት ጥንድ ከሆነ ቁጥሩ ያነሰበትን ወገን ፒንና ፒስቶን እንደገና ክፈቱ፤ የኋላ ከሆነ መጀመሪያ የሸራውን ማስተካከያ ተመልከቱ። ሁለቱም እኩል ሆነው መኪናው አሁንም ፍሬን ሲያዝ የሚስብ ከሆነ ፍሬኑን ተዉትና ወደ ሎወር አርም ቡሽ ተመለሱ። ፌሮውን ጠንከር አድርጋችሁ ፈንቅሉ፤ መጀመሪያ ደህና የመሰላችሁ ቡሽ ሲጫን ይከፈታል።